ስልሳ አምስት ዲግሪ የቻለው ኢንዛይም

በላቦራቶሪያችን እውነተኛ ስሙን የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሁላችንም «ጋሽ ድገመው» ነበር የምንለው። አንድ ውጤት ካላማረው፣ ማሽኑ ልክ ነው ቢባል፣ ሐኪሙ ቢቸኩል፣ ኮሪደሩ በሕመምተኛ ቢጨናነቅ፣ «እስቲ ድገመው» ከማለት ወደኋላ አይልም። ሚስቱ አንድ ቀን ምሳውን ልታደርስለት መጥታ፣ «ላግባሽ ሲለኝ እሺ አልኩት፤ በነጋታው መጥቶ እንደ አዲስ ጠየቀኝ» ብላ በሳቅ ገድላናለች።

እኔ የናሙና መቀበያው መስኮት ላይ ነው የምሠራው። የሆነውን ሁሉ ከዚያው ሆኜ አይቻለሁ።

ሁሉን በራሱ የሚሠራው አዲሱ ማሽን ሲገባ፣ ጋሽ ድገመው የሚወዳት፣ ናሙና የሚሞቅባት ትንሿ የሙቅ ውኃ ገንዳ ዕቃ ቤት ተጣለች። እሱ ግን ሄዶ አወጣት። አቧራዋን ጠርጎ፣ ሽቦዋን ጠግኖ፣ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ አስቀመጣት። «እንቁላል ሊቀቅልባት ነው» ብለን ስናሾፍበት ፈገግ ብሎ ውኃ ሞላባት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ ልብስ ሰፊ ወደ መስኮቴ መጣች። የምንለብሰውን ነጭ ጋውን ሁሉ የምትሰፋልን እሷ ናት። አርባ አምስት ዓመት ሆኗታል። ከአውቶቡስ ሾፌር ባሏ ጋር ሃያ ዓመት ኖረዋል፤ ልጅ ግን አልወለዱም። ጨዋታ የማያልቅባት፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ነበረች። ያን ዕለት ፊቷ ጠቁሯል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«እንጃ። ይደክመኛል፣ ወገቤን ያመኛል። ባለፈው ከተመረመርኩት ደም አንዱ ነገር በጣም ከፍ ብሏል አሉኝ። ዶክተሯ ወይ ከጉበት ነው ወይ ከአጥንት አለችኝ። የቱን ልምረጥ?» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ከፍ ያለው አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ነበር። ጋሽ ድገመው አዲሱን ናሙና ሠራው፤ ቁጥሩ የጤነኛ ሰው ሦስት እጥፍ ነው። ሌሎቹ የጉበት ምርመራዎች ደህና ናቸው። ደገመው። ያው ነው።

«ማሽኑ ስንት እንደሆነ እንጂ ከየት እንደመጣ አይነግረኝም» አለና የገንዳዋን ማብሪያ ተጫነ።

ጠጋ ብዬ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ጠየቅሁት። ጋሽ ድገመው ማስረዳት ነፍሱ ነው።

«ይኸውልሽ የኔ ልጅ፣ የጉበቱና የአጥንቱ ኢንዛይም ፕሮቲናቸው አንድ ነው፤ መንትያ በያቸው። የሚለያዩት ሴሉ በላያቸው በሚሰካው ስኳር ነው።»

«ስኳር ስትል፣ ይሄ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው?»

«የሱ ዘመድ። እየተቀጣጠለ ፕሮቲኑ ላይ እንደ ቅርንጫፍ ይወጣል። አጥንት በራሱ መንገድ ያለብሰዋል፣ ጉበትም በራሱ። ስለዚህ ሙቀት ሲያገኛቸው አንደኛው ቶሎ ይሞታል፤ ሌላው ትንሽ ይታገላል።»

ናሙናውን ሃምሳ ስድስት ዲግሪ ላይ አሥር ደቂቃ አቆየው። ከአጥንት ቢሆን አብዛኛው በጠፋ፣ ከጉበት ቢሆን ግማሽ ያህሉ በቀነሰ ነበር። ሲለካው የቀነሰው ሩብ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ሙቀቱን ወደ ስልሳ አምስት አደረሰው። እዚያ ላይ ጉበትም አጥንትም አይተርፍም። አሥር ደቂቃ ሁለታችንም ሰዓቱ ላይ አፍጥጠን ጠበቅን። አሁንም አብዛኛው እንዳለ ወጣ።

መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው። «ይህን ሙቀት የሚችለው የእንግዴ ልጅ የሚሠራው ነው» አለ በዝግታ።

«አርግዛለች?»

«ቀስ በይ። አንዳንድ ዕጢም ይህንኑ ያመነጫል። ባልተረጋገጠ ነገር የሰው ልብ አይሰቀልም።» ወዲያው ለዶክተሯ ደወለላት። «ዶክተር፣ ስለ እርግዝና ጠይቀዋታል?»

«የወር አበባዋ ከቀረ ቆይቷል። ዕድሜ ነው ብላኛለች።»

«ዕድሜ ላይሆን ይችላል። አልትራሳውንድ ትነሳ።»

አንድ ሰዓት አልሞላም፣ በኮሪደሩ ጫፍ ሳቋን ሰማሁት። እየሳቀችም እያለቀሰችም መጥታ መስኮቱን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሰባት ወር» አለችኝ። «ቀሚሴን ሁለት ጊዜ ስፌቱን ፈትቼ አሰፋሁት እኮ። የሰው ልክ በዓይኔ የማውቀው ሴት የራሴን ሆድ አላወቅሁም። ሲገላበጥብኝ እንኳ አየር ነው ብዬ ዝንጅብል ስጠጣ ነበር።»

ጋሽ ድገመው ከውስጥ ብቅ ሲል፣ «ጋሼ፣ አንተ ነህ አሉ የደረስክበት» አለችው።

«ልጁ ራሱ ነው የተናገረው። እኔ የሰማሁትን ነው ያስተላለፍኩት» አለና ተመልሶ ገባ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ባሏ ሲደወልለት አውቶቡሱን ሙሉ ተሳፋሪ እንደጫነ አምጥቶ የሆስፒታሉ በር ላይ አቆመው። ተሳፋሪዎቹ ሊቆጡ ተከትለውት ገቡ። ሰውዬው ሚስቱን አቅፎ አልለቅም ሲል፣ ነገሩን እኔ ነገርኳቸው። አንዲት አሮጊት ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሌላውም ተከተለ። ሥራ ይረፍድብኛል ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ዶክተሮቹ በቅርብ ሲከታተሏት ቆይተው፣ ከሁለት ወር በኋላ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም የምትመዝን ሴት ልጅ ተገላገለች። ጋሽ ድገመው ሊያያት የገባው እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ ነው። ሕፃን ማቀፍ አያውቅበትም፤ እንደ ናሙና ጠርሙስ ቀጥ አድርጎ ያዛት።

የላቦራቶሪው ኃላፊም ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት አዳዲሶቹን ባለሙያዎች እንዲያስተምር መደበው። እኔም መስኮቱን ለባልደረባዬ እየተውኩ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። በሚቀጥለው ዓመት የላቦራቶሪ ትምህርት ልጀምር ተመዝግቤአለሁ።