የትኛው ይማም?

የአያቶቻችሁን ስም ስትቆጥሩ አንድ ስም ሁለት ጊዜ መጥቶ አደናግሯችሁ ያውቃል? እኔ የመጀመሪያው ይማም ላይ ስደርስ ሁለተኛው መስሎኝ መካከል ያሉትን እዘል ነበር። ያረፉት አያቴ፣ የባዮሎጂ መምህር ነኝና፣ «መምህሩ፣ አባቶችህን ዋጥካቸው። የትኛው ይማም ነው?» ይሉኝ ነበር።

በመጨረሻ ሕመማቸው የያዛቸው እርሾ መሰል ፈንገስ መድኃኒቱን ሲቋቋም አስረዳኋቸው፦ «ዘረመሉ ውስጥ የሚደጋገሙ ቁርጥራጮች አሉ። ዘረመሉን የያዘው ክር፣ ክሮሞዞሙ፣ ተሰብሮ ሲጠገን እንደ እኔ ይማም አንዱን ከሌላው ጋር አሳስቶ ይገጥማል፤ አንዳንዴም መድኃኒት የማይገድለው ይሆናል።»

«የሚያርመው አያት የለውማ» አሉ።

አሁን ሮቢት ከሚባለው አገር ለእህቴ ሽማግሌ ተልኳል። የልጁም ሐረግ ይማም ላይ ይደርሳል፤ የእኛው የቅርቡ ይማም ከሆነ ሰባት ቤት ያልሞሉ ዘመድ ናቸውና አይጋቡም። እህቴ ዓይን ዓይኔን ታያለች፤ የምጠይቃቸው አያቴ ግን የሉም።

እባካችሁ፣ አያት ካላችሁ ዛሬውኑ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ቁጠሩ፤ የተደገመ ስም ላይ ስትደርሱ ጠይቋቸው።