ከሽቫንሃይም እስከ ባባ ማዕድ

ፍልሰታ በተፈታ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጎረቤቴን ፍራው (ወይዘሮ) ካማላን ይዤ ከሽቫንሃይም ወደ ፕሮይንገስሃይም ተጓዝኩ። ከምንኖርበት የጀርመን ከተማ አንድ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ መሻገር እንጂ አገር መለወጥ አይደለም። ቢሆንም ከሄድኩባቸው ሩቅ መንገዶች ሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ ይህ ነውና እጽፈዋለሁ።

ፍራው ካማላ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ ህንዳዊት ባልቴት ናቸው። በዓመት አንድ ቀን፣ «ባባ» የሚሏቸውን የአገራቸውን ቅዱስ ሰው መታሰቢያ ያከብራሉ። ሌላ ጊዜ በመኪና የሚያደርሳቸው ልጃቸው ያን ዕለት ሥራ ገብቷል። እሳቸው ደግሞ በቅርቡ ከሆስፒታል የወጡ ስለሆነ ብቻቸውን አይለቀቁም። «አድርሺኝ» ሲሉኝ እሺ አልኩ። ማድረስ ብቻ መስሎኝ።

ረፋድ፣ ትራም ውስጥ

የአስራ ሁለት ቁጥር ትራም መነሻው እኛው ሰፈር ስለሆነ መቀመጫ እንደልብ ነው። እየገፉ የሚደገፉበትን ባለጎማ ሮላቶር በሩ አጠገብ አቆምኩላቸው። ቅርጫቱ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የታሰረ ድስት አለ። ቁርስ ሳልበላ ስለወጣሁ የገዛሁትን ብሬጸል የሚባል ጥምዝ ዳቦ ልገምጥ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተይው፣ ሆድሽን አትሙዪ። እዚያ ትበያለሽ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ እስከዚያ እጾማለሁ።»

ጾመኛ ፊት ማላመጡ አሳፈረኝና ብሬጸሉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ስለ ባባ ጠየቅኳቸው። ጀርመንኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ ስለ ባባ ሲያወሩ ግን ይፈጥናሉ። ባባ ወላጅ የሌላቸው ልጅ ሆነው ቤተ መቅደስ ወጥ ቤት ውስጥ አደጉ፤ ለአማልክቱ የሚቀርበውን ሩዝ ያበስሉ ነበር፤ አንድ ቀን ካህኑ አባረራቸው።

«ምን አጥፍተው?»

«በሩዝ ምክንያት ነው። እሱን ስንደርስ እነግርሻለሁ።»

ኮንስታብለርቫኸ

እዚህ ወርደን ኡ-ባን የሚሉትን የምድር ውስጥ ባቡር መያዝ ነበረብን። የባቡሩን በር ደረጃና ሮላቶሩን እያየሁ «ወይ ጉድ!» ስል፣ የአየር ማረፊያ ዩኒፎርም የለበሰ ጎልማሳ ዞር አለ።

«ተዉት እትዬ፣ እኔ አነሳዋለሁ» አለኝ በትግርኛ ቅላጼ። ሮላቶሩን አስገባ፣ ፍራው ካማላን ክንዳቸውን ይዞ አሳፈረ። ድስቱን ለአፍታም አላስነኩትም።

ባቡሩ ሲነሳ ፍራው ካማላ ታሪኩን ቀጠሉ። ባባ ከተባረሩ በኋላ ብዙ ዓመት በእግራቸው ዞሩ። የወጡት አምላክን ፍለጋ ነበር። ሲመሽባቸው ዛፍ ሥር ድስት ይጥዳሉ፤ መንገደኛ ጠርተው ሳያበሉ እሳቸው አይቀምሱም። ውሎ አድሮ የሚፈልጉትን በዚያ ማዕድ ላይ እንዳገኙ ተረዱ። በስተርጅና ያባረራቸው ቤተ መቅደስ ራሱ «ይመለሱ» ብሎ ላከባቸው። ተመለሱ፣ ግን ከበሩ ውጭ ተቀመጡ፤ እዚያው እያበሰሉ አረፉ።

ቀትር፣ ፕሮይንገስሃይም

አዳዲሶቹ ሕንፃዎች መሀል ያለ የኪራይ አዳራሽ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ይህን ከቤተ ክርስቲያን ስለማውቀው ደስ አለኝ። ደስታዬ ብዙ አልቆየም። በአበባ በተከበበው የባባ ሥዕል ፊት ሰው ሁሉ ምግቡን እያስቀመጠ ይሰግዳል፤ ከዚያ ያነሳና ይዞት የመጣውን እንግዳ ያጎርሳል። እንግዳው ከባባ ተከታዮች ውጭ መሆን አለበት። ለካ እንግዳዋ እኔ ነኝ!

«ፍራው ካማላ» አልኳቸው ጠጋ ብዬ፣ «ሥዕሉ ፊት የቀረበውን መብላት አልችልም። በሃይማኖቴ አይሆንም።»

ቀኑ ቅዳሜ፣ ፍልሰታም የተፈታ ስለሆነ «ጾም ነው» ብዬ እንኳ አላመልጥም። መዋሸትም አልፈለግኩም።

«እንግዳዬ ካልበላች እኔም አልበላም» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የባባ ሥርዓት ይኸው ነው። የቀትር መድኃኒታቸው ግን በባዶ ሆድ አይወሰድም፤ ሰዓቱም ደርሷል። ፈራሁ። ለአንድ ጉርሻ ስል እኚህን ሴት ልጥላቸው ነው? ብበላስ የንስሐ አባቴን ምን ልላቸው ነው?

ፍራው ካማላ ድስቱን ይዘው ወደ ሥዕሉ አመሩና መሀል መንገድ ላይ ቆሙ። ሥዕሉን አዩ፤ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ለምን እንደተባረሩ አልነገርኩሽም» አሉ። «ሩዙ ደርሶ ገና ለአማልክቱ ሳይቀርብ የራበው መንገደኛ መጣ። ባባ አስቀድመው ለእሱ ሰጡት።»

ጨርቁን ፈቱ። በወተትና በስኳር የበሰለ ሩዝ ነው፤ ሄል ሄል ይሸታል። የአዳራሹ አስተናባሪ ሮጥ ብላ መጣች።

«ገና አልቀረበም እኮ!»

«ስላልቀረበ እኮ ነው» አሏት።

አማተብኩ፤ ማንም አልከፋውም። አጎረሱኝ። የተረፈውን ወስደው ባባ ፊት አስቀመጡ፣ ሰገዱ፣ ተመልሰው በሉ፣ መድኃኒታቸውን ዋጡ። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ማታ፣ ሽቫንሃይም

በዚህ አገር ስኖር «እምነትሽ የራስሽ ጉዳይ ነው» ብለው የተዉኝ ብዙ ናቸው፤ አመሰግናቸዋለሁ። ለእኔ ሲል የራሱን ሥርዓት ያዘገየልኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም ነበር። ያን መንገድ ሁሉ ሄጄ የተማርኩት ይህንኑ ነው።

ልጄ በሩን ከፍታ እንደልማዷ በጀርመንኛ «በልተሻል?» አለችኝ።

ብሬጸሉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት።

«በላሁ» አልኳት። «ከባባም በፊት በላሁ።»