ይማርህ

የልጅ ልጄ አስነጠሰ። ቤቱ ሁሉ «ይማርህ!» ሲለው እኔ ብቻ ዝም አልኩ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ቄሱ አባቴ ከቅዳሴ ሲወጡ ጠበል ይዘው በሽተኛ ይጠይቁ ነበር፤ ቅሉን የምሸከመው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ አንጓች ትኩሳት ጥሏቸው ሄድን። አባቴ በመስቀላቸው ዳብሰው ጠበሉን ረጯቸው።

«በይ፣ አንቺም ይማርዎ በያቸው» አሉኝ።

ደንግጬ ከለቅሶ ቤት የለመድኩት አፌ ላይ ቀደመኝ፤ «ነፍስ ይማር!» አልኩ።

አባቴ ክው አሉ። እትዬ አንጓች ግን ጠበሉ ከግንባራቸው እየወረደ ፈገግ አሉልኝ።

«አሜን ልጄ። ዋናዋስ እሷው ናት።»

በሦስተኛው ቀን ቀበርናቸው።

«እማማ፣ አንቺስ አትዪኝም?» ይለኛል የልጅ ልጄ።

አፌን በነጠላዬ ይዣለሁ።