ለሙሽራዋ ዝሆን የሠራነው ድልድይ

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አሰላ ውስጥ ከትምህርት ቤታችን ግቢ በመጨረሻ ከሚወጡት ልጆች አንዷ እኔ ነበርኩ። አባቴ ገበያው አጠገብ የእህል መጋዘን ነበረው፤ የመጨረሻውን የስንዴ ጆንያ አስጭኖ፣ በሩን ቆልፎና ዳገቱን ወጥቶ እኔን ለመውሰድ እስኪደርስ ቀኑ ይመሻል። ያኔ፣ የጭላሎ ተራራ ብርድ ቁልቁል ወርዶ ግቢውን ሲሞላው፣ እንደ እኔ ወላጆቻቸው የሚዘገዩባቸው አምስት ስድስት ልጆች ደብተራችንን ታቅፈን የምንሮጠው ወደ ዘበኛው ቤት ነበር።

ዘበኛው አባባ ቱፋ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ፤ በጋም ሆነ ክረምት የማያወልቁት ካፖርት ነበራቸው። ከቀለም ቆርቆሮ በሠሩት ምድጃ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ያነዱና ጭሱ ወጥቶ ፍሙ ብቻ እስኪቀር በር ላይ ያስጠብቁናል። ከዚያ «ኢጆሌ፣ ግቡ» ይሉናል፤ ልጆች ማለታቸው ነው። ከአማርኛቸው መሃል ኦሮምኛው ገባ ወጣ ይላል፤ እኛም ሁለቱንም ስለምንናገር ልብ አንለውም ነበር። ምስማር ላይ የተሰቀለው ፋኖስ አንድ ጎኑ በጥላሸት ስለጠቆረ የቤቱ እኩሌታ ብርሃን፣ እኩሌታው ጨለማ ነበር። እኔ የምወደው ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ነው። እዚያ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ በፍሙ እየሞቀ፣ ጀርባዬን ከበሩ የሚገባው ንፋስ እየመታው፣ እፍኝ የገብስ ቆሎ ይዤ ተረት እሰማ ነበር።

አንድ ክፉ ልማድ ግን ነበረኝ። አባባ ቱፋ «ቀበሮዋ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀች» ሲሉ፣ እኔ «ጉድጓዱ ምን ያህል ይጠልቃል?» እላለሁ። «ዝንጀሮው በገመድ ወረደ» ሲሉ «ገመዱ ከምን ተሠራ?» እላለሁ። ጓደኛዬ ሊዲያ ተረቱ እንዲቀጥልላት ክንዴን ትቆነጥጠኛለች። እሳቸው ግን አንድም ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም፤ ትንሽ ያስቡና «እስከ አንገቷ ይደርሳል» ብለው በጣም ቁም ነገር አድርገው ይመልሱልኛል።

ትምህርት ቤታችን ትንሽ ነበር፤ ከሌሎቹ የሚለየው ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ጽጌ በዚያ ሰዓት መጽሐፍ እንዲከፈት አይፈቅዱም። የዝንባሌ ሰዓት ይባል ነበር። አንዱ አትክልት ይተክላል፣ አንዱ ይስላል፣ አንዱ ከእንጨት ሥራ መምህሩ ጋር መላጊያ ይይዛል፣ አንዱ ድራማ ያጠናል። «እያንዳንዱ ልጅ ሲሠራው ሰዓቱን የሚረሳው አንድ ነገር አለ፤ እኛ የምንፈልገው ያንን ነው» ይሉ ነበር ወይዘሮ ጽጌ ለወላጆች። ሊዲያ የሰውንም የእንስሳንም ድምፅ ስለምታስመስል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቦታዋ ድራማ ሆነ። እኔ ግን በአንድ መንፈቅ ሦስት ቦታ ቀያየርኩ። ስዕል ገባሁ፤ የሳልኩት ላም ለመምህሩ ጠረጴዛ መሰላቸው። አትክልት ገባሁ፤ ሥሩ የት እንደደረሰ ለማየት የተከልኩትን ካሮት በየሳምንቱ ስነቅል ተያዝኩ። ድራማ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰጡኝ፤ እሱንም መድረክ ላይ ረሳሁት። ያኔ ሌላው ልጅ ሁሉ አንድ ነገር ይዞ የተወለደ፣ እኔ ብቻ ባዶ እጄን የመጣሁ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ደግሞ ሐኪም እንድሆንለት ነበር የሚፈልገው። የመጀመሪያው መንፈቅ ካርድ ሲመጣ ውጤቴ መካከለኛ ነበር፤ ከግርጌው የክፍል ኃላፊዋ «ከትምህርቱ ውጭ የሆነ ጥያቄ ታበዛለች» ብለው ጽፈውበታል። አባቴ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ዓርብ ዓርብ ምንድን ነው የምትሠሩት?» አለኝ።

«ካሮት» አልኩት።

ማታ ለእናቴ በሚቀጥለው ሳምንት መሸኛዬን አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ ለፈተና ወደሚያስጠኑበት ትምህርት ቤት እንደሚያዛውረኝ ሲነግራት ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ትራሴን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። የማለቅሰው ለክፍሌ አልነበረም፤ ለዚያች በፋኖስ ለምትበራ ጠባብ ቤት ነው።

በማግስቱ፣ ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ አባባ ቱፋ ስለ አንዲት ዝሆን አወሩልን። ዝሆኗ ከገደሉ ማዶ ታጭታለች። የሠርጓ ዕለት ግን ዶፍ ዝናብ ጥሎ መንገዱን ወሰደው። እንስሳቱ ተሰብስበው እንጨት ቆርጠው ድልድይ ዘረጉላት። ጥንቸሏ ተሻገረች፣ ሚዳቋዋ ተሻገረች፣ በሬው ተሻገረ፤ በመጨረሻም ሙሽራዋ ተሻግራ ማዶ ላይ እልልታው ቀለጠ። ሊዲያ በዝሆን ድምፅ እልል አለችና ሁላችንም ሳቅን።

«አባባ» አልኩ ሳቁ ሲበርድ፣ «በሬውን የቻለ ድልድይ ዝሆኗን እንዴት ቻላት?»

ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አደረጉ። «ሂን ቤኩ» አሉ በመጨረሻ። አላውቅም። ሽማግሌ፣ ያውም ይህን ሁሉ ተረት የሚያውቅ ሰው፣ ያለ ምንም ሐፍረት አላውቅም ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «ለእኔም አባቴ አልነገሩኝም። አንቺ እስኪ አስቢበትና ሰኞ ትነግሪኛለሽ። እስከዚያ ሙሽራዋን ከገደሉ ወዲህ እናቆያታለን።»

ቅዳሜና እሑድን ሙሽራ መንገድ ላይ ያቆመ ሰው ሆኜ አሳለፍኩ። ሁለት የዱቄት ወተት ጣሳ አራርቄ አቆምኩና የእንጨት ማስመሪያዬን በላያቸው አጋደምኩት። ከአባቴ ሬዲዮ ያወጣኋቸውን የባትሪ ድንጋዮች አንድ በአንድ ጫንኩበት። በሁለቱ ጎበጠ፤ በአራተኛው ሁሉንም ዘርግፎ ጣላቸው። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ደጋግሞ ወደቀ። ተናድጄ ማስመሪያውን ሳነሣው በጠርዙ በኩል ያዝኩትና በመዳፌ ተጫንኩት። አልጎብጥ አለኝ። ያው ማስመሪያ ነው፤ አልወፈረም፣ ምንም አልተጨመረበትም፤ የቆመበት ጎን ብቻ ነው የተለወጠው። ብቻውን ሲቆም ግን ይገለበጣል። ስለዚህ የወንድሜን ማስመሪያ ሰርቄ ሁለቱን በጠርዛቸው አቆምኩ፣ በክር አያያዝኳቸው፣ ላያቸው ላይ ካርቶን አነጠፍኩ። ባትሪዎቹ ሁሉ ተጫኑ። በመጨረሻ የእናቴን ትንሿን የብረት ሙቀጫ አመጣሁና ዓይኔን ጨፍኜ አስቀመጥኳት። ስገልጥ ሙቀጫዋ እዚያው ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ ነይ እይ» ብዬ ጠራኋት። መጥታ ቆማ አየችና «ጎሽ፣ አሁን ሙቀጫዬን መልሺ» አለችኝ።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ማስመሪያዎቹን ፋኖሱ ሥር ለአባባ ቱፋ አሳየኋቸው። በረጃጅም ጣቶቻቸው አንዴ አጋድመው፣ አንዴ አቁመው ጎበጥ ለማድረግ ሞከሩ። «ዱጋ» አሉ፤ እውነት ነው። ከዚያ ልጆቹን አስጠግተው ተረቱን እንደገና ጀመሩት። እንስሳቱ እንጨቱን ጠርበው ሳንቃ አወጡ። ሳንቃውን ሊያጋድሙ ሲሉ አንዲት ትንሽ ልጅ መጣችና «አታጋድሙት፣ በጠርዙ አቁሙት» አለቻቸው። ተረት ውስጥ ራሴን ስሰማ ፊቴ ከፍሙ በላይ ጋለ።

ለካ ወይዘሮ ጽጌ ቁልፍ ሊያስረክቡ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ኖሯል።

«ፈቲያ፣ ይህን ስትሠሪ ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ ቲቸር።»

ፈገግ ብለው ሄዱ። በማግስቱ የእንጨት ሥራ መምህሩ ከክፍሌ አስጠሩኝ። በክፍሎቹና በቤተ መጻሕፍቱ መካከል የውሃ መውረጃ ቦይ ነበር፤ የበልግ ዝናብ ሲጥል ትንንሾቹ ልጆች በሰው ጀርባ ነበር የሚሻገሩት። «የሙሽራዋ ገደል ይሁን?» አሉኝ መምህሩ፤ ለእኔና ለእንጨት ሥራ ልጆቹ አሮጌ ሳንቃዎች ሰጡንና ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት በኋላ ስንለካ፣ ስናስር፣ ስንመታ ሰነበትን። መዶሻው አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ አግኝቶታል። ድልድዩ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ አለቀ፤ የዚያን ዕለት የዝንባሌ ሰዓት ተረቱ በፀሐይ፣ ቦዩ ዳር እንዲሆን ተባለ።

አባቴ መሸኛዬን ሊወስድ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከጁምዓ ሶላት በቀጥታ ስለመጣ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ ነበር። ወይዘሮ ጽጌ አልተከራከሩትም። «መሸኛው እስኪጻፍ እዚህ ከልጆቹ ጋር አረፍ ይበሉ» ብለው ዱካ አቀረቡለት። አባባ ቱፋ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ተረታቸውን ቀጠሉ፤ ሙሽራዋ ከገደሉ አፋፍ ደረሰች፣ ሳንቃዎቹም በጠርዛቸው ቆሙ።

«ይቅርታ አባባ ቱፋ፣ ላቋርጥዎትና» አለ አባቴ ድንገት። «ጫፍና ጫፉ ብቻ ከታሰረ ዝሆኗ መሃል ስትደርስ ይገለበጥባታል። የኔ ጫኞች ጆንያ ተሸክመው በሳንቃ መኪና ላይ ሲወጡ ሁልጊዜ የማየው ነው።»

«መሃሉንም አስረነዋል» አልኩ፣ ሳላስበው።

ዞር ብሎ አየኝ። «ማን ነው ያሰረው?»

በጣቴ ራሴን አሳየሁት። ተነሣና ወደ ቦዩ ሄደ። ጭቃው ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከሥር አየ፣ በጣቱ አንኳኳ፣ ማሰሪያውን ሳብ ሳብ አደረገ። አባቴ ወፍራም፣ ኮስታራ ሰው ነው፤ ገበያ ውስጥ ሰው ሁሉ ተጠንቅቆ ነው የሚያናግረው። አባባ ቱፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ከማል» አሉ በትሕትና፣ «ጥንቸሏም ተሻግራለች፣ ሚዳቋዋም ተሻግራለች። የቀረችን ሙሽራዋ ናት።» ከዚያ ነጭ ልብሱን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። አባቴ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ሆዱ እስኪናጥ ድረስ ሳቀ። ጀለቢያውን በሁለት እጁ ሰብስቦ ድልድዩ ላይ ወጣ። መሃሉ ላይ ሲደርስ ሳንቃው ሲጥ አለ። እዚያው ቆመና፣ ሆን ብሎ፣ በእግሩ አንዴ ሁለቴ ረገጥ ረገጥ አደረገው። ምንም አልሆነም። ማዶ ሲደርስ ሊዲያ በዝሆን ድምፅ እልል አለች፤ ግቢው በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ።

ወይዘሮ ጽጌ ወረቀት ይዘው ብቅ አሉ። «አቶ ከማል፣ ደርሷል።»

አባቴ ወረቀቱን አየ፤ በጭቃ የተለወሰውን እጄን አየ። «እርስዎ ዘንድ ይቆይ» አላቸው።

«ደብዳቤው ነው ወይስ ልጅቷ?»

«ሁለቱም።»

ወደ ቤት ስንወርድ እጄን ይዞኝ ነበር። ልጅ እያለ ጢቾ ውስጥ መስጊድ ሲሠራ አንድ ግንበኛ ድንጋይ ሲያስተካክል ቀኑን ሙሉ ቆሞ ያይ እንደነበር፣ እንደ እሱ ግንበኛ ለመሆን ይመኝ እንደነበር ነገረኝ። «ማንም አልጠየቀኝም» አለ፤ «እኔም አልተናገርኩም።» ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ «ጠርዙ ላይ ሲቆም ለምንድን ነው የማይጎብጠው?» አለኝ።

«ገና አላወቅሁትም» አልኩት፣ ደስ እያለኝ።

ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስለቅሶኛል፤ ዩኒቨርሲቲም አንድ ዓመት ደግሜያለሁ። ዛሬ በየገጠሩ፣ ከአርቦዬ ቆላ እስከ ጢቾ ደጋ፣ የእግረኛ ድልድይ ከሚሠሩት ባለሙያዎች አንዷ ነኝ። ሊዲያ ሬዲዮ ላይ ትሠራለች፤ የልጆች ዝግጅት ላይ አምስት ሰው ሆና ስትናገር ብቻዬን እስቃለሁ። አባባ ቱፋ ጡረታ ወጥተው ዴራ ከልጃቸው ጋር ኖሩ፤ ከመሞታቸው በፊት አንድ ጊዜ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ወገባቸው ጎብጦ፣ ድምፃቸው ግን ያው እንደነበረ ነበር።

ከነገሩን ተረት እኩሌታው ጠፍቶብኛል። አንዳንዱን ለልጄ ልነግራት እጀምርና መሃሉ ላይ ይጠፋኛል። ያልጠፋኝ የሞቀው ጉልበቴና የባሕር ዛፉ ጭስ ሽታ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው የልጅ ጥያቄ ሰምቶ ሦስት ቀን ሙሉ መልሱን መጠበቁ። እኔን ያሳደገኝ ያ መጠበቅ ይመስለኛል። ወይዘሮ ጽጌ ቦታ ሰጡኝ፣ አባባ ቱፋ ጊዜ ሰጡኝ፤ የቀረው በራሱ ጊዜ መጣ።

ባለፈው ሰሞን የሰባት ዓመቷ ልጄ በምሳ ዕቃዋ አሥራ አንድ ቀንድ አውጣ ይዛ ከትምህርት ቤት መጣችና ወደፊት ሥራዋ ይኸው እንደሚሆን አስታወቀችን። ስለ ፈተናዋ ልናገር አፌን ከፍቼ ተውኩት። አሰላ ወዳለው አባቴ ደወልኩና የልጅ ልጁ ቀንድ አውጣ ለማርባት መወሰኗን ነገርኩት።

«ቀንድ አውጣ» አለ። «ምንድን ነው የሚበሉት?»

ስልኩን ለእሷ ሰጠኋት። አውርተው ሲጨርሱ እራታችን ቀዝቅዞ ነበር።