ባሌን እንዳያስቁት የመረጥኳቸው ኮሜዲዎች

ሐርጌሳ ከመጣን ጀምሮ ዲሹ የሚያመጣው የአማርኛ ሲትኮም አንድም አምልጦኝ አያውቅም። አላመለጠኝም ማለት ግን ወደድኩት ማለት አይደለም። አብዛኛውን እየተሳደብኩ ነው የማየው። በአንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ነው የምሠራው፤ እዚያ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ጨዋ ሆኜ ስለምውል፣ ቤት ስገባ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ሪሞቱን አንስቼ የታመቀውን በአማርኛ እዘረግፈዋለሁ።

አንድ ሕግ አለኝ። ጥሩ ኮሜዲያን እንደሚያስቅ አያውቅም። በረንዳ ላይ በፎጣ ወጥቶ በሩ የተዘጋበት ሰውዬ የእውነት ሲጨንቀው፣ ጎረቤት ሲያልፍ የእውነት ሲያፍር፣ ያኔ እስቃለሁ። ገና ከበሩ ብቅ ሲል «መጣሁላችሁ» የሚል ፊት ይዞ የሚገባውን ግን አልምረውም። ጥርሱን ጥቁር ቀብቶ የሚመጣውን አልወድም። ገጠሬ ነኝ ለማለት የሚያንባርቀውንም አልወድም፤ ገጠር ያለ ሰው ሁሉ ይጮሃል ያለው ማነው? ከሁሉም የሚያናድደኝ ያ የተቀዳ ሳቅ ነው። ሰው ጋብዞ፣ እንግዳው ገና ሳይቀምስ «ጣፈጠ አይደል?» እያለ የሚያደርቅ ባለቤት ያስታውሰኛል።

ባሌ እንደኔ አይደለም። ከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከበርበራ ወደብ እየጫነ ወደ ጠረፍ ይወስዳል። እሱን ለማሳቅ ምንም አያስፈልግም፤ ሲስቅ ደግሞ ግማሽ ሰፈር ይሰማዋል። ባለፈው ዓመት ጎማ ሲያነሳ ቡአ ወጣበትና ኦፕራሲዮን ሆነ። በሦስተኛው ቀን ቤት ተኝቶ ሳለ 31 ሜይ የሚባለው ሰፈር የሚኖር የሥራ ጓደኛው ሊጠይቀው መጣ። መቼም በሽተኛ ጥየቃ ሲመጣ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ያጫውታል። ጓደኛው አንዲት ፍየል አሳፍሮ እንደነበር ማውራት ጀመረ። ኬላ ላይ ፖሊሱ ወረቀት ሲጠይቀው ዞር ቢል ለካ ፍየሏ ወረቀቱን ጋቢና ውስጥ እያኘከችው ነው። ሰውዬው ይህን ሁሉ ሲያወራ ጥርሱ አልታየም። ያሳለፈውን መከራ የሚናገር ነበር የሚመስለው። ስንቱ ተዋናይ እሱ እግር ሥር ተቀምጦ በተማረ!

ባሌ ከት ብሎ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ «እህ!» ብሎ ሆዱን ያዘ። አንሶላው ላይ ደም ሳይ እኔ አበቃልኝ።

በዚያው ቀን እንደገና ሰፉት። ዶክተሩ ሽማግሌ ሶማሌ ናቸው፤ ወደ ኮሪደር አወጡኝና በእንግሊዝኛ ቁርጡን ነገሩኝ። ለሁለት ሳምንት መሳቅ የለም፣ መሳል የለም፣ ዕቃ ማንሳት የለም። አሁንም ከተከፈተ ግን ከባድ መኪና የሚባል ነገር ይርሳ አሉኝ። ይህ ሰው ከመሪው ላይ ከወረደ ምን እንደሚሆን እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ሳምንት ቤት ሲውል እንኳ በመስኮት የሚያልፈውን ተሳቢ ሁሉ ይቆጥራል።

ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩና በሩ ላይ ቆምኩ። በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ከበር መመለስ ምን ያህል ነውር እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ግን ሾፌሮቹን አንድ በአንድ መለስኳቸው። ማንጎ ይዘው ለመጡት ማንጎውን ተቀብዬ እነሱን መለስኩ። «ኧረ እቴ፣ አይተነው ብቻ እንውጣ!» ይላሉ። እሺ ብዬ ባስገባቸው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የፍየል ወሬ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ባሌ ግን ሰለቸው። «እሺ ሰው ከለከልሽኝ፣ ቴሌቪዥንም ልትከለክይኝ ነው?» አለኝ። ይሄኔ ነው የዘመናት ልፋቴ ፍሬ ያፈራው። የትኛው ሲትኮም እንደማያስቅ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ጥርስ የሚቀቡትን፣ የሚያንባርቁትን፣ ሳቃቸውን ራሳቸው የቀዱትን እየመረጥኩ ከፈትኩለት። አንዱ የሴት ቀሚስ ለብሶ ብቅ አለ፤ ቀልዱ ቀሚሱ ብቻ ነው። ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን በደልንህ?» አልኩት ቴሌቪዥኑን። «ቀሚስ የለበሰ ሁሉ የሚያስቅ ከሆነ ሰዎች እኔን አይተው ለምን አይስቁም? ደግሞ ዳሌህን አታወዛውዝ! ማነች እንዲህ የምትሄደው? አክስትህ ናት?»

ዞር ስል ባሌ ትራሱን ሆዱ ላይ ጥፍር አድርጎ ይዟል። ዓይኑን ጨፍኗል፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

«አመመህ?»

ራሱን ነቀነቀ። «በናትሽ... ዝም በይ» አለኝ በቀጭን ድምፅ።

የእኔ ጌታ፣ እንዴት ቢያመው ነው! ሕመሙን ያመጡበት እነሱ ይመስል ተዋናዮቹን አብሼ ወረድኩባቸው። ሁለቱ ሳምንት እንዲህ ነበር ያለፈው፤ እኔ ስሳደብ፣ እሱ ትራሱን ሲያንቅ።

ክሩ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ዶክተሩ ነካ ነካ አደረጉት፣ «ሳል እስቲ» አሉት፣ ሳለ። «አልሐምዱሊላህ፣ ጨርሶ ድኗል። ከእንግዲህ እንደልብህ ሳቅ» አሉት። እኔ እዚያው ወንበር ላይ ዘፍ ብዬ አለቀስኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ ሰው የተነፈስኩት ያኔ ነው።

ታክሲ ውስጥ ገብተን «ጎበዝ ነህ፣ እንዴት ቻልከው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሕመሙን ነዋ። ትራሱን ይዘህ የምታለቅሰውን።»

ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሕመም መስሎሽ ነው? ፊልሙን ማን አየው! እኔ የማየው አንቺን ነበር። ዝም በይ ብዬ ስለምንሽ ይብስብሽ ነበር!»

ሾፌሮቹን ሁሉ ከበር መልሼ፣ ያንን ስፌት ሁለት ሳምንት ሙሉ ልበጥሰው ስታገል የነበርኩት ለካ እኔ ነኝ። ተመስገን፣ ተመስገን አልኩ።

ቤት እንደገባን ሪሞቱን ሰጠኝ። «በይ ያንን ባለ ቀሚሱን ክፈቺው» አለ፤ ፊት ለፊቴ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ከፈትኩት። ሰውዬው ዳሌውን ያወዛውዛል። ልሳደብ አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣ አለኝ። እያየኝ ነዋ! ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ጸጉሬን አስተካከልኩ፣ «እ... ይሄ ሰውዬ...» አልኩ።

«አየሽ» አለኝ፣ «እንደምታስቂ አወቅሽ። ተበላሸሽ።»

«የገዛ ሕጌን በእኔ ላይ?» ቱግ አልኩ። «ሁለት ሳምንት በነፃ ስታየኝ ከርመህ ደግሞ ነቀፋ? እስቲ አንተ ተነስና ሥራው!»

እሱ ከት ብሎ ሳቀ፤ ያ ግማሽ ሰፈር የሚሰማው ሳቁ ነው። ሁለቱም እጁ አየር ላይ ነበር፤ ትራሱ ወለሉ ላይ ወድቋል።