የግድግዳው ፑንታ

በአጎቴ ተዝካር ሰው ሁሉ ደግነታቸውን ሲያወራ ዋለ። እኔ የማስታውሰው ፑንታቸውን ነው።

አናጢ ነበሩ። በእጅ የሚዞረው መሰርሰሪያቸው ጫፍ ላይ የሚገባውን ብረት፣ ፑንታውን፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሳይሞክሩ አንድም ቀዳዳ አይበሱም። ተሳስቶ የመረጠውን ሁሉ «ለእንጨት የእንጨቱ፣ ለግድግዳ የግድግዳው፣ አንተ ደንቆሮ!» ይሉታል።

በደርጉ አፈሳ ጊዜ አንድ ልጃቸው ጣና ውስጥ ካለ ገዳም ተሸሽጎ ነበር። «የእኔ ልጅ እንደ አይጥ አይሸሸግም» ብለው፣ በታንኳ ተሻግረው ያመጡት እሳቸው ናቸው። ሳምንት ሳይሞላው ታፈሰ። ከሰሜን የተመለሰው መርዶው ብቻ ነው።

ባለቤታቸው፣ አክስቴ፣ የልጇን ፎቶ በፍሬም አሠርታ «እዚህ ግድግዳ ላይ ይስቀሉልኝ» አለቻቸው።

«ሲሚንቶ ነው። የግድግዳ ፑንታ የለኝም።»

«በሚስማር ይምቱልኛ!»

«ግድግዳዬን ላፍርስልሽ?»

በየፋሲካው ትለምናለች፣ በየፋሲካው ፑንታ የለም። ልጁ ቁም ሳጥን ጀርባ አቧራ ለብሶ ቀረ።

የተዝካሩ እንግዳ ሲበተን የመሣሪያ ሳጥናቸውን ከፈትን። በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለ የግድግዳ ፑንታ አገኘን፤ ዝገት አልነካውም። አክስቴ አላለቀሰችም። ልክ እንደ እሳቸው በጥፍሯ ሞክራ ሰጠችኝ። ግድግዳውን በሳሁና የልጇን ፎቶ ሰቀልሁ። ፑንታውን መልሳ ተቀበለችኝ።

ለተዝካሩ ያሳጠብነው የአጎቴ ፎቶ ወለሉ ላይ ተደግፎ ነበር።

«የእሳቸውንስ የት ልስቀለው?» አልኋት።

ፑንታውን እጇ ውስጥ ጨብጣ «ፑንታ የለኝም» አለችኝ።