አጥራችን ላይ የተደገፉት ብስክሌቶች

ቤታችን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። የድንጋይ አጥራችን ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስላዞረ የጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የከተማው ብስክሌተኞች እሑድ ጠዋት እዚያ የሚሰበሰቡት በዚሁ ምክንያት ነው እንጂ ከእኛ ጋር ዝምድና ኖሯቸው አይደለም። ብስክሌቶቻቸውን በተራ ያስደግፋሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው አንዱ የሌላውን ያያል።

እኔ በረንዳው ላይ መጽሐፍ ይዤ እቀመጣለሁ። ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጅ በሚያሳድጉበት ዕድሜ ስለሆነ፣ የገባኝ የመሰለኝን ነገር ደግሜ የማየት ልማድ አለኝ። የእነሱንም ነገር ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ሥርዓት እንዳለው ተረዳሁ። አዲስ ብስክሌት ሲመጣ ማንም "ታምራለች" አይልም። መጀመሪያ ከመቀመጫዋ ሥር በሁለት ጣት ይዘው ብድግ ያደርጓታል። ጎማዋን በአውራ ጣት ጫን ጫን ያደርጋሉ። ከዚያ የኋላ ጎማዋን ከመሬት አንስተው ያሽከረክሩና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ። በግ ተራ ላይ ሽንጥ የሚዳብስ ሰው እንዲህ ያለ ፊት አለው፤ ለማጣጣል የተዘጋጀ፣ ደስታውን የደበቀ። ልዩነቱ እዚህ የሚሸጥ ነገር አለመኖሩ ነው።

አብሮኝ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። ከብስክሌተኞቹ ጋር የተዋወቀውም የተቀደደ ሱሪያቸውንና የተበላሸ ዚፓቸውን እያመጡለት ነው። ቆይቶ እሱም ከባድ ብስክሌት ገዛና ከኋላ ከኋላ ይከተላቸው ጀመር። ወደ ጫጫ ከተማ በሚወስደው መንገድ ሜዳው ላይ ትተውት ይሄዳሉ፤ እሱ ብቻውን ይመለሳል። ቅር ያሰኙኝ አልመሰላቸውም፤ ለነገሩ እኔም ምንም ብዬ አላውቅም። ከዓመት ዓመት "ሰፊው" እያሉ ይጠሩታል፤ ብስክሌተኛ ብሎ የጠራው ሰው ግን አልሰማሁም። ወደ አንኮበር ጭራሽ ወስደውት አያውቁም። የመጨረሻው ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው፤ ጉም ይወርድበታል። ማን ይሄዳል፣ ማን ይቀራል የሚለውን የሚወስኑት በዕድሜ ትልቁ ናቸው። ድሮ ተወዳዳሪ ነበሩ፤ ቀለሟ የተላላጠ አሮጌ የብረት ብስክሌት አላቸው፤ እሷን ግን ማንም በጣት አንስቶ ለመመዘን አይደፍርም። ሁሉም "ጋሼ" ይላቸዋል።

ባለፈው ጥቅምት ወንድሜ ኮርስ ብስክሌት ገዛ። ቀጭን ጎማ፣ ወደ ታች የታጠፈ መሪ፣ ጫማን ቆልፎ የሚይዝ ፔዳል ያላት። ለብዙ ጊዜ ሲያስባት ኖሯል። ሳሎን ውስጥ አቆማትና የራሱን ወፍራም ብርድ ልብስ አለበሳት። እኔ ሌላ ብርድ ልብስ ብሰጠው "አይ፣ ለኔ ጋቢዬ ይበቃኛል" አለ። ውርጩ የጎመን ቅጠል በሚያጠቁርበት ሰሞን ነው ይሄ።

እሑድ ጠዋት አውጥቶ ከሌሎቹ ጎን አስደገፋት። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን አንኮበር መሄድ።

"ይቺ ናት በብርድ ልብስ የምትተኛው?" አለ አንዱ፤ ወንድሜ ራሱ ሳይነግራቸው አልቀረም።

"አዎ፤ እሱ ነው መሬት የሚተኛው" አለ ሌላው። "ሚዜ አላቆምክላትም እንዴ?"

"ሰፊው፣ መርፌህን ይዘሃል? ቁልቁለቱ ላይ የሚቀደድ አይጠፋም።"

"ልብስ ነው የምሰፋው" አለ ወንድሜ፣ "ቆዳ አልሰፋም።"

ሳቁ። ተራ በተራ እያነሱ መዘኗት፤ ጎማዋን ጫኑ፤ አሽከርክረው አዳመጡ። አንዱ ሁለት ጊዜ አነሳት። ይህ በእነሱ ዘንድ ትልቅ ምስጋና መሆኑን ስለማውቅ የወንድሜን ፊት አየሁ። ጓንቱን እያስተካከለ ነበር። መጨረሻ ጋሼ መጡ፤ አነሱ፣ አሽከረከሩ፣ አስቀመጡ።

"እሷስ ደህና ናት" አሉ። "ጫማውን ለምደኸዋል?"

"ለምጃለሁ ጋሼ።"

"የት?"

"ግቢ ውስጥ። እትዬ እየያዘችኝ።"

እንደገና ተሳቀ፤ በዚህኛው እኔም አለሁበት። እውነቱን ነው፤ መቀመጫውን ይዤለት ግቢውን ዞረናል። ጋሼ አልሳቁም። "እስኪ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ እንይህ" ብለው ወደ ራሳቸው ብስክሌት ሄዱ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታችን ብዙም አይርቅም፤ ከበረንዳው በሩ ይታያል። ብስክሌተኞቹ እዚያ ሲደርሱ ሳይቆሙ፣ እየነዱ ያማትቡና ያልፋሉ። ወንድሜ ግን በከባዱ ብስክሌት ዘመን ሁልጊዜ ቆሞ፣ እግሩን መሬት አስነክቶ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሳለመው። ያን ቀንም በሩ ፊት ፍሬን ያዘ፤ አማተበ፤ ጎንበስ አለ። እግሮቹ ከፔዳሉ ጋር እንደተቆለፉ ናቸው። ብስክሌቷ ቆማ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ እሱን ይዛ በጎን ወደቀች።

መጽሐፉን ትቼ ሄድኩ። ስደርስ ብስክሌተኞቹ ከበውታል። ከቅዳሴ የወጡ እናቶችም ቆመዋል።

"ማርሿ ተነክቷል?" ይላል አንዱ።

"በየት በኩል ነው የወደቀችው?"

"አልተነካችም" ይላል ወንድሜ ከመሬት። ሲወድቅ ሰውነቱን አዙሮ ከሥሯ ገብቷል፤ ደረቱ ላይ አቅፏታል። "ቀስ ብላችሁ አንሷት።"

"እናንተ ሰዎች!" አሉ ጃንጥላ የያዙ አንዲት እናት። "ብረቱን ትታችሁ ሰውየውን አታነሱም?"

"እማማ፣ እግሩ ከሷ ጋር ተቆልፎ ነው።"

"ማን ቆለፈው?"

"ራሱ ነው።"

"በሥላሴ!" ብለው አማተቡ።

ተረከዙን ወደ ውጭ አጣመሙለትና ተላቀቀ። ክርኑ ተልጧል፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ብስክሌቷ ላይ ጭረት የለም። ወንድሜ ክርኑን አላየም፤ የሚያየው ጋሼን ነው። እኔም እሳቸውን አየሁ። ወደ ቤት እንዲመልሱት ጠብቄ ነበር፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም የምለው ይህንኑ ነበር።

ጋሼ የፊት ጎማዋን በጉልበታቸው መሃል ይዘው የተጣመመውን መሪ አቃኑ። ከዚያ ብስክሌቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወሰዷት።

"ና ውጣ። አጥሩን ያዝ። ቆልፍ።"

ቆለፈ።

"ፍታ። ቆልፍ። ፍታ። ሳታስብ ፍታ!"

ሌሎቹ መንገዱ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። እስከ ጭናቸው ብቻ የሚደርስ ሱሪ የለበሱ ናቸው፤ ነፋሱ ከመዘዞ ደጋ በኩል ነው የሚመጣው። አንዱ እየዘለለ ጉልበቱን ያሻል። "ጋሼ፣ ደርቀን ቀረን እኮ!" ይላል፤ ግን አልሄደም። ማንም አልሄደም። ይህን ልብ ብዬ ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ወንድሜ በእግሩ ተጠምዶ ነበር።

ጋሼ ሲበቃቸው "ቁልቁለቱ ላይ ከኔ ጎማ እንዳትለይ" አሉት። "ስቆም ትቆማለህ። ከመቆሜ በፊት እግርህን ትፈታለህ።"

"እሺ ጋሼ።"

ክርኑን በነጠላዬ ጫፍ ልጠርግለት ስል "ስመለስ፣ እትዬ፣ ስመለስ" አለኝ። ተነሱ። ጋሼ ፊት፣ እሱ ሁለተኛ፣ ሌሎቹ ከኋላ። እስኪሰወሩ ድረስ አልዞረም።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቋል፤ ክርኑ ላይ ደሙ ደርቋል። ውሃ አሙቄ እያጠብኩለት "አንኮበር እንዴት ነው?" አልኩት። እኔ የማውቃት ከመጽሐፍ ነው፤ ገደሉን፣ ከታች የሚታየውን ቆላ እንዲነግረኝ ፈልጌ ነበር።

"ጉም ነበር" አለ። "የጋሼን የኋላ ጎማ ብቻ ነው ያየሁት።"

ከዚያ ስለዚያ ጎማ እራት እስክናቀርብ ድረስ ነገረኝ።